ለድሬ ድንጋይና ለሐረር ዳገት የሚሆን አስተማማኝ ሚድሬንጅ ዲስክ፤ የቱን ላስመጣ?

ከዚራ_ልጅ ፦ ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ለሠርግ ከሚኒያፖሊስ ትመጣለች። ሻንጣዋ ከአሁኑ በሰው ዕቃ ሞልቷል፤ ስለለመንኳት ግን «ሁለት ዲስክ ላንተ አላጣም፣ የምትፈልገውን እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገረኝ» ብላኛለች።

እኛ ስምንት ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ግራር ያለበት ሜዳ ላይ ዲስክ ጎልፍ፣ ማለትም ዲስክ ወርውሮ ዒላማ መምታት እንጫወታለን። ዘጠኝ ዒላማ አለን፤ ስምንቱ ቀይ ጨርቅ ያሰርንባቸው ዛፎች ናቸው፣ ዘጠነኛው ብየዳ ቤት ያሠራነው ባለ ሰንሰለት ቅርጫት ነው። ዲስኮቻችን ሦስት ናቸው፦ አንድ ለቅርብ የሚሆን ፓተር፣ አንድ ለሩቅ የሚሆን ፍጥነቱ 12 የሚል ድራይቨር፣ አንድ ደግሞ ከገበያ የገዛነው የልጆች መጫወቻ። ፓተሩን ሁሉም ስለሚወደው ተራ መጠበቅ ነው። ድራይቨሩ ግን እኔ ስወረውረው ትንሽ ሄድ ይልና ወደ ግራ ታጥፎ ቁልቋል ውስጥ ይገባል። ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ቁልቋል ሦስት ጊዜ አወጣሁት፤ እሾኹ እስካሁን ከመዳፌ አልወጣም።

ስለዚህ መሀለኛውን፣ ሚድሬንጅ የሚባለውን ላስመጣ ነው። የሁላችንም አቅም ከ40 እስከ 60 ሜትር ቢሆን ነው። መሬቱ ድንጋይና አሸዋ ነው፣ ረፋዱ ላይ ነፋስ አለ። ርቀት አላሳደድኩም፤ የላክሁት ቦታ የሚሄድልኝ ዲስክ ነው የምፈልገው። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት የስም ብዛት አደናገረኝ፦ በዝ፣ ሮክ፣ ማኮ 3፣ ሄክስ፣ ኮምፓስ… በእጃችሁ ይዛችሁ የወረወራችሁትን ብቻ ንገሩኝ።

ደንገጎ ፦ ሰኞ፣ ማታ 3:05

አቦ በዝ በላትና ተኛ። ዲስክራፍት የሚባለው ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። ቁጥሩ 5፣ 4፣ -1፣ 1። ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፖል ማክቤዝም የሚወረውረው እሱን ነው። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የጓደኛዬን በዝ አንድ ዓመት ሙሉ ወርውሬያለሁ። ሲሄድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲያርፍ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፤ በቃ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የጀጎል_ልጅ ፦ ሰኞ፣ ማታ 4:30

ከመተኛቱ በፊት ይህን ይስማ። ስለ ዲስክ የሚጽፉት አብዛኞቹ ሰዎች ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ባላለ ቦታ የሚጫወቱ ናቸው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እኛ ሐረር ደግሞ 1,880 ላይ ነን። ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲተያይ የእናንተ አየር በአንድ አስረኛ፣ የኛ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ዲስክን አየር ነው የሚሸከመው። አየሩ ሲሳሳ ዲስኩ የሚንሳፈፍበት ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ላይ ወደ ቀኝ መሳቡ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ መውደቂያውም ቶሎ ይደርሳል። እዚያ «ቀጥ ይላል» ያሉት ዲስክ እኛ ዘንድ ሲመጣ ትንሽ ግራኝ ይሆናል።

የራሴን ልንገራችሁ። እኔ ያለኝ የኢኖቫ ሮክ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጀጎልን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ነው የተወልኝ። ቁጥሩ 4፣ 4፣ 0፣ 3። ሐኪም ጋራ ላይ ቆሜ ቁልቁል ስወረውረው መጀመሪያ ያምራል፤ ሠላሳ አርባ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን በር እንደገፉበት ሰው ወደ ግራ ዘወር ይልና ይወርዳል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። አንድ ቀን የሰው ጫት መሀል ገብቶብኝ ባለቤቱን ፈልጌ፣ አስፈቅጄ፣ ሁለታችንም በየእርከኑ ስንፈልግ አመሸን። ሰውየው ደግ ነው፤ አሁን እሱም ይወረውራል።

ስለዚህ ምክሬ፦ መጨረሻው ላይ 3 የተጻፈበትን አታስመጣ። የናንተ ክንድ ከ60 ሜትር የማያልፍ ከሆነ 0 ወይም 1 ይበቃችኋል።

ከዚራ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ግን ቁጥሮቹን በደንብ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ድራይቨሩ ላይ 12 ስላየን ነው «ይሄ ይሻላል» ብለን የተሻማንበት።

የሳቢያን_ቲቸር ፦ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:20

ከዚራ፣ ሁለቱም እውነት ነው የነገሩህ፤ ግን ቁጥሮቹን ሳናውቅ ስም ብንጠራራ አንግባባም። እኔ የስፖርት መምህርት ነኝ፣ ለልጆቼ የማስረዳው እንዲህ ነው።

አራቱ ቁጥሮች በተራ ፍጥነት፣ ግላይድ፣ ተርን፣ ፌድ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ነው። ፍጥነት 12 ማለት «ይህን ያህል ፈጥነህ ከወረወርከኝ እንደተጻፈልኝ እበርልሃለሁ» ማለት ነው። ፍጥነቱን ያላገኘ ድራይቨር በአራተኛ ማርሽ የደንገጎን ዳገት ሊወጣ እንደተነሳ መኪና ነው፤ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። የአንተም ቁልቋል ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ዲስኩን ገልብጠህ ጠርዙን ተመልከተው፤ የድራይቨሩ ጠርዝ ከውጭ እስከ ውስጥ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ይሰፋል፣ የሚድሬንጅ ግን ከአንድ ሴንቲሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እጁ ትንሽ ለሆነ ልጅ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሚድሬንጆች ፍጥነታቸው ከ4 እስከ 6 ስለሆነ የናንተ ክንድ ይደርስባቸዋል።

ግላይድ አየር ላይ የመቆየት ችሎታው ነው። ተርን ገና በሙሉ ፍጥነቱ ሳለ ወደ ቀኝ የሚሳበው ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በሄደ ቁጥር መሳቡ ይብሳል። ፌድ ሲደክመው ወደ ግራ የሚወድቀው ነው። ይህ በቀኝ እጅ ባክሃንድ፣ ማለትም ክንዱን በደረቱ አሻግሮ ለሚወረውር ነው፤ በግራ የሚወረውር ሁሉንም ይገልብጥ። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱ ፋብሪካ 5 ከሌላው 5 ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትመኑ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። «አስተማማኝ» ስትል ሁለት ዓይነት ዲስክ አለ። አንዱ ምንም ብታደርገው መጨረሻው ግራ የሆነ ነው፤ ሮክ እንደዚያ ነው፣ የዲስክራፍት ዞን ከሱም ይብሳል። ነፋስ አይበግረውም፣ የት እንደሚወድቅ አስቀድመህ ታውቃለህ፤ ስህተትህን ግን ይሸፍንብሃል። እጅህ ተንጋዶ ወደ ቀኝ ብትለቀው እንኳ ተመልሶ ስለሚመጣ ደህና የወረወርክ ይመስልሃል። ሁለተኛው እንደለቀቅከው የሚሄድ ነው። ዘንበል አድርገህ ከለቀቅከው ዘንብሎ ይሄዳል፣ ቀጥ ካደረግከው ቀጥ ይላል። በዝ፣ ማኮ 3፣ ሄክስ እዚህ ውስጥ ናቸው። ይሄኛው መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ ተማሪዎቼን ግን ክንዳቸውን ያስተካከለላቸው እሱ ነው። እኔ ብሆን ለስምንት ጀማሪ ሁለተኛውን ነው የማስመጣው፣ ያለ ጥርጥር።

ደንገጎ ፦ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:50

ቲቸር ይመችሽ። ስለ መኪናው ማርሽ የተናገርሽውን ድራይቨሩ ላይ በማርከር ሊጻፍ ይገባዋል።

ምድር_ባቡር ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

ሮክን አትናቁብኝ። እኔ ሳን ዲዬጎ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ነው ወደ አገሬ የተመለስኩት፤ እሑድ እሑድ ሞርሊ ፊልድ የሚባለው ሜዳ ላይ ነበርኩ። እዚያ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ቦርሳቸው ውስጥ ሦስት አራት ሮክ ይይዛሉ። ቀለሙ ቢለያይም ሁሉም ሮክ ነው። እኔም መጀመሪያ «አንድ ዓይነት ዕቃ ለምን ትደጋግማለህ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሰውየው ሁለት አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አዲሱ ጠርዙ ስል ነው፣ ጥፍር ይይዛል። አሮጌው ዛፍና ድንጋይ መትቶ መትቶ ጠርዙ እንደ ታጠበ ሳሙና ለስልሷል። «አዲሱ ለነፋስና ለግራ፤ አሮጌው ለቀጥታ፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ወደ ቀኝ ለሚታጠፍ መንገድ» አለኝ። ሮክ በርካሹ ፕላስቲክ፣ ዲኤክስ በሚባለው ሲሠራ እያረጀ በሄደ ቁጥር ወደ ግራ መውደቁን እየተወ ይሄዳል። አንድ ዲስክ ገዝተህ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዲስክ ታገኛለህ።

ሮክ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው። 12 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬን ክላይሞ ስሙ ከሮክ ጋር ነው የሚነሳው። ቀድሞ ሰው የሚወረውረው ጠርዙ ደብዳባ የሆነ ፍሪዝቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የኢኖቫው ዴቭ ደኒፔስ ጠርዙን እንደ ሽብልቅ አሹሎ ኢግል የተባለውን ሲያወጣ ነው ጨዋታው የተለወጠው። ቅርጫቱን በሰንሰለት የሠራው ኤድ ሄድሪክ ነው፤ የተጫዋቾቹን ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋመው እሱ ነው። ከሱ በፊት እነሱም እንደኛ ዛፍና ግንድ ነበር ዒላማቸው። ስለዚህ ቀይ ጨርቅ በማሰራችሁ ምንም አልቀረባችሁም።

ከዚራ፣ ብየዳ ቤት ያሠራችሁት ቅርጫት ከፍታው ስንት ነው? የሳህኑ አፍ ከመሬት 82 ሴንቲሜትር ያህል መሆን አለበት፤ 6 ቢጨምር ቢቀንስ አይከፋም።

ከዚራ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2:35

ለክቼው አላውቅም፤ ነገ በሜትር እለካዋለሁ። ሰውየው ዲስክ ጎልፍ ምን እንደሆነ ሳያውቅ በሥዕል አይቶ ነው የሠራው፤ ሰንሰለቱን እኛው ነን ከአሮጌ ዕቃ ተራ የለቀምነው። ሲመታ ድምፁ ደስ ይላል።

የጀጎል_ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40

ምድር ባቡር፣ ስለ ሮክ ማርጀት ያልከው እውነት ነው፣ የኔም ካለፈው ክረምት ወዲህ ለስለስ ብሏል። ግን ልጁ ሁለት ዲስክ ነው የሚመጣለት፤ ለስምንት ሰው። ሮኩ እስኪያረጅላቸው ሁለት ዓመት ወደ ግራ ሲለቅሙ ሊኖሩ ነው?

ምድር_ባቡር ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2:00

የድሬ ድንጋይ ላይ ሁለት ዓመት አይፈጅም። በስድስት ወር ያረጅልሃል።

ገንደ_ቆሬ ፦ ረቡዕ፣ ቀን 7:30

እኔ ልናገር የምፈልገው ስለ ፕላስቲኩ ነው፤ እስካሁን በደንብ ያነሳው ሰው የለም። ድሬ ላይ ከስሙ በላይ የሚያስፈልገው ፕላስቲኩን መምረጥ ነው።

ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ አንድ ሚድሬንጅ ነበረኝ፣ ርካሹ ፕላስቲክ ነበር። ግንቦት ላይ ከጨዋታ ስመለስ መኪና ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር ትቼው ቤት ገባሁ። ከሰዓት ልወስደው ስመጣ አንድ ጎኑ ቀና ብሏል፤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ተሰበረ ሰሃን ይወላገዳል። ወረወርኩት፤ እየተንቀጠቀጠ ሄዶ ሃያ ሜትር ላይ ወደቀ። አንድ ቀን ሙሉ አዘንኩ። ኋላ አንድ ሰው በነገረኝ መሠረት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ለስለስ ሲል አውጥቼ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝቼ መጽሐፍ ጫንኩበት። እስኪበርድ አልነካሁትም። ተስተካከለ፤ ፍጹም ባይሆንም ይወረወራል።

እንግዲህ ውድ የሚባሉት ፕላስቲኮች ዲስክራፍት ዘንድ ዚ እና ኢኤስፒ፣ ኢኖቫ ዘንድ ቻምፒዮን እና ስታር ናቸው። ዚ እና ቻምፒዮን ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ጠንከር ይላሉ፣ ድንጋይ ሲመቱ ይጫራሉ እንጂ ቶሎ አይላጡም። ኢኤስፒ እና ስታር ለእጅ ይጣበቃሉ፣ ግን ሙቀት ላይ ይለሰልሳሉ። ላብ ካለብህ ዚ ሊያዳልጥህ ይችላል፤ ለዚያ መፍትሔው ጨርቅ ነው። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ አሮጌ ነጠላ ቁራጭ አለ፤ ከያንዳንዱ ውርወራ በፊት ጠርዙን እጠርጋለሁ፣ አቧራውም ላቡም ይሄዳል። ለድሬ ምርጫዬ ዚ ነው። ዋጋውም ቢሆን ርካሹ 10 ዶላር አካባቢ ነው፣ ጥሩው እስከ 20 ይደርሳል፤ ሻንጣ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን እኩል ነው። ከሚኒሶታ ድሬ ድረስ ለሚመጣ ዕቃ ርካሹን መምረጥ አያዋጣም።

ሌላ ደግሞ፣ መልመጃ ቦታ ካጣችሁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጥሩ ነው፤ ዲስክ አይጭርም፣ ሲወድቅም አይንከባለልም።

ምድር_ባቡር ፦ ረቡዕ፣ ማታ 1:20

ስለ ፕላስቲኩ ልክ ነህ፣ እኔም ሳን ዲዬጎን እያሰብኩ ረሳሁት። ስለ ደቻቱ ግን እባካችሁ ስሙኝ። በበጋ ችግር የለውም። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ልጆች ይዛችሁ እዚያ አሸዋ ላይ እንዳትገቡ። ውሃው የሚመጣው ከድሬ ሰማይ አይደለም፤ ከላይ ከደጋው ነው። እዚህ ፀሐይ እየወጣ ላይ ይዘንባል፣ ከዚያ በድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣውን ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም፤ የጎረቤቶቼን ቤት ከነሰዉ ነው የወሰደው። ዲስክ ወንዝ ውስጥ ቀረ ብሎ የሚመለስ ልጅ እንዳይኖር በደንብ ንገሯቸው። ወደ ደንገጎ በኩል ደመና ከጠቆረ ውጡ።

የሳቢያን_ቲቸር ፦ ረቡዕ፣ ማታ 1:45

እግዜር ይስጥህ፣ ይህን ስላነሳህ። እኔ ተማሪዎቼን በክረምት ወደዚያ አልወስድም።

ወደ ዲስኩ ልመለስ፤ ክብደት ቀርቶናል። በማኅበሩ ደንብ አንድ ዲስክ በያንዳንዱ የስፋቱ ሴንቲሜትር ከ8.3 ግራም በላይ መመዘን አይፈቀድለትም። በዝም ሮክም ስፋታቸው 21.7 ሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ ጣሪያቸው 180 ግራም ላይ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች ከ175 በላይ ያለውን ይወስዳሉ፤ ከባዱ ነፋስ ላይ አይንገዳገድም፣ ከእጅ ሲወጣም ይረጋጋል። ቀላሉ ደግሞ ክንዱ ገና ላልጠነከረ ልጅ ይሻላል፤ በትንሽ ኃይል ይንሳፈፍለታል። ያው አንድ ዓይነት ዲስክ በሁለት ክብደት ስለሚሸጥ ስሙን ብቻ ሳይሆን ግራሙንም ጽፈህ ላክላት። ካልጻፍክ ሱቁ ያገኘውን ነው የሚሰጣት።

ነፋስ ካነሳን፦ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ዲስኩን ወደ ቀኝ ይገለብጠዋል፣ አየሩ ላይ የሚሄደው ፈጥኖ ስለሆነ። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ቶሎ ይጥለዋል፣ ወደ ግራም ያስቸኩለዋል። ረፋዱ ላይ ነፋስ አለ ስላልክ ለፊት ነፋስ ከባዱ ይጠቅምሃል።

ከዚራ_ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 12:50

ቅርጫቱን ለካሁት፤ 97 ሴንቲሜትር ነው። ለዚህ ነበር የምንስተው! ዛሬውኑ እግሩን እናስቆርጠዋለን።

ወደ ውሳኔው እየተጠጋሁ ነው። በዝ፣ ዚ ፕላስቲክ። ግን ሁለት ዲስክ ነው የሚመጣልኝ፤ ሁለተኛው ምን ይሁን? አንድ በዝ፣ አንድ ሮክ ብል ምድር ባቡርም ደስ ይለዋል፣ ነፋስ ሲመጣም ሮኩን እናወጣለን።

ምድር_ባቡር ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 2:30

እኔን ለማስደሰት ብለህ አታስመጣ። እውነቱን ልንገርህ፦ ስለ ሮክ ሳወራ ከሮኩ በላይ የምወደው ነገር ያ ሰውዬ ከአንዱ ዲስክ ጋር ሃያ ዓመት መኖሩን ነው። እጁ ያውቀዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን ቢዳስስ የቱ እንደሆነ ይነግርሃል። ያንን ከፈለግክ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጋቸው። አንዱን ወርውረህ የተሳሳትከውን ወዲያው በሌላው ታርመዋለህ፤ የተለያዩ ከሆኑ ግን የተሳሳትከው አንተ ነህ ወይስ ዲስኩ ነው የሚለውን አታውቅም።

የጀጎል_ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 2:45

እስማማለሁ፣ ሁለት በዝ። ሮክ ከፈለጋችሁ የኔን ይዤ እወርዳለሁ፤ ሐረርና ድሬ አንድ ሰዓት መንገድ ነው።

የሳቢያን_ቲቸር ፦ ሐሙስ፣ ቀን 6:40

እኔም እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። አንዱን ከ175 በላይ፣ ሌላውን 165 ግራም አካባቢ አድርገው። ከስምንታችሁ ሁለቱ ገና 14 ዓመታቸው ነው ብለኸኝ ነበር። የኔም ልጃገረዶች ከባዱን ሲወረውሩ ለመግፋት ሲሉ ትከሻቸውን ያነሳሉ፣ የዲስኩ አፍንጫ፣ የፊት ጠርዙ፣ ወደ ላይ ይቀናል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ዲስክ ቀጥ አይልም። ሻጋታው አንድ ከሆነ ጠርዙ ለእጃቸው አንድ ነው፤ ምድር ባቡር ያለው አይፈርስም።

ደግሞ የአክስትህ ልጅ ሱቅ ገብታ የምትመርጥ ከሆነ ይህን ንገራት፦ ሁለቱን ጎን ለጎን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ታስቀምጣቸው፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ከጎን ትይ። ጠርዙ ላይ ሁለቱ ሻጋታዎች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ከፍ ያለው ወደ ግራ ያደላል፣ ዝቅ ያለው ቀጥ ይላል። ጀርባው ጎበጥ ያለው ይንሳፈፋል፣ ጠፍጣፋው ቶሎ ይወርዳል። ከአንድ ፋብሪካ ወጥተውም ቢሆን ይለያያሉ። ለኛ አየር መስመሩ ዝቅ ያለውን፣ ጀርባው ትንሽ ጎበጥ ያለውን ትምረጥ።

ከዚራ_ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 3:15

ላክሁላት። «ሁለት በዝ፣ ሁለቱም ዚ፣ አንዱ ከ175 በላይ፣ አንዱ ከ164 እስከ 166፣ ቀለማቸው ደማቅ ይሁን፣ አረንጓዴና ቡናማ አይሁን» ብዬ። ደማቅ ያልኩት ቁልቋሉንና ሣሩን እያሰብኩ ነው። የቲቸርን ምክርም ቃል በቃል ገልብጬ ላክሁላት። «ሠርግ ልመጣ ነው ወይስ ፈተና ልቀመጥ?» አለችኝ፤ ግን እሺ ብላለች።

ከዚራ_ልጅ ፦ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 5:10

መጡ! አንዱ ብርቱካናማ ነው፣ አንዱ ሮዝ። ሠርጉ ሐሙስ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግሁት አንድ የማውቀው ወርቅ ቤት ሄጄ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ብርቱካናማው 177፣ ሮዙ 165 ግራም። ባለወርቁ እያገላበጠ «ይሄ ምኑ ነው የሚመዘነው?» ሲል ቅዳሜ እንዲመጣ ጋበዝኩት፣ መጣም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ላይ ነበርን። ነፋስ የለም፣ ግራሮቹ ዝም ብለዋል። የመጀመሪያውን ዒላማ ታውቁታላችሁ፤ ከመነሻው 50 ሜትር ያህል ነው፣ በግራው ቁልቋል፣ በቀኙ የድንጋይ ክምር። ጠርዙን በጨርቅ ጠረግሁ። አውራ ጣቴን ከላይ፣ አመልካች ጣቴን ጠርዙ ላይ አደረግሁ። ሮክ ጠርዙ ሥር እንደ ገመድ ያለች እብጠት አለችው፣ በዝ ግን የለውም፤ ልሙጥ ነው፣ ጣቴ ሳይያዝ ወጣ። ሳልቸኩል ቀጥ አድርጌ ለቀቅሁት።

እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ብርቱካናማው ከሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ መሀል ላይ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ ያለ መሰለኝ፣ ከዛፉ አጠገብ ሲደርስ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ አቧራ ላይ አረፈ። ከቀይ ጨርቁ አራት እርምጃ። ቁልቋሉን አልነካውም። ልጆቹ ጮኹ።

ሁለተኛው ውርወራዬ ወደ ቀኝ ሄዶ ድንጋዩን መታ። ቲቸር ያልሽው ይሄ ነው፤ ትከሻዬን ቀድሜ እንደከፈትኩ ወዲያው ገባኝ። በድራይቨሩ አንድ ዓመት ወርውሬ ይህን አላወቅሁም ነበር። ድንጋዩ ዲስኩ ላይ ጥፍር የማይዝ ጭረት ብቻ ነው የተወው።

ሮዙን ትንሹ ልጅ ነው የያዘው፤ ሌላ ሰው ሊወስድበት አልቻለም። እስከ ዘጠነኛው ዒላማ ድረስ በእሱ ብቻ ተጫወተ። የተቆረጠው ቅርጫት ላይ ከስምንት ሜትር ሲያስገባ ሰንሰለቱ የሰጠው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ምድር_ባቡር ፦ እሑድ፣ ቀን 6:00

ልጁን አደራ፣ ሮዙን አትቀሙት።

የሳቢያን_ቲቸር ፦ እሑድ፣ ቀን 6:25

እንዴት ደስ አለኝ! ትከሻህን ቀድመህ የምትከፍት ከሆነ ለሁለት ሳምንት ሳትንደረደር ቆመህ ብቻ ወርውር። ሃያ ውርወራ፣ አንድ ዒላማ፣ ያንኑ ብርቱካናማ። ከጨርቁ አምስት እርምጃ ውስጥ የወደቀውን ቁጠርና ጻፈው።

የጀጎል_ልጅ ፦ እሑድ፣ ከሰዓት 8:15

የፊታችን ቅዳሜ እወርዳለሁ፣ ሮኬን ይዤ። ጫቱ ውስጥ አብሮኝ ሲፈልግ የነበረው ሰውዬም ይመጣል። ስንት ሰዓት?

ከዚራ_ልጅ ፦ እሑድ፣ ከሰዓት 8:20

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ቀይ ጨርቅ ያለበት የመጀመሪያው ግራር ሥር። ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አይቻልም፣ ውሃ በደንብ ያዙ። ብርቱካናማውን አንተ ትጀምርበታለህ።